ረቡዕ ከሰዓት መብራት ነበረ ወይ?

ሬሳው የተገኘው ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፉሪ ውስጥ፣ ባለቤቱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ትቶት በጠፋ ጅምር ሕንጻ ምድር ቤት ነው። አንድ ተኩል ሳይሞላ ፉሪ በሙሉ ተሰብስቧል። በሙሉ ሲባል በሙሉ ነው፤ ከሀና ማርያም በሩጫ የመጣ አለ፣ ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተሳፍሮ የመጣ አለ፣ የጥርስ ብሩሹን እንደነከሰ የመጣ አለ። አንዲት ላም እንኳ በመስኮቱ ቀዳዳ አንገቷን አስገብታ ትመለከት ነበር።

«መብራት ነው የያዘው!» አለ ሕዝቡ። ፉሪ ላይ ወተት ቢበላሽ መብራት ነው፣ ተማሪ ቢወድቅ መብራት ነው፣ ባልና ሚስት ቢጣሉም መብራት ነው።

ዋና ኢንስፔክተር አምሐ ደርሶ ጎንበስ አለ። አምሐ ማለት፣ ለማያውቀው፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንጀል የመረመረ፣ የሌባን ዱካ ከአስፋልት ላይ የሚያነብ፣ አንዴ የተሰረቀ በግ በድምፁ ብቻ ለይቶ ከመቶ ሃምሳ በግ መሃል ያወጣ ሰው ነው። በጎቹ ሦስት መቶ ነበሩ የሚሉም አሉ፤ ከሚሉት አንዱ ራሱ አምሐ ነው።

«መብራት የያዘው ሰው ይቃጠላል» አለ። «ይሄ አልተቃጠለም። ማጅራቱን በብረት ነው የተመታው። ደሙ ከደረቀ ቆይቷል፤ ትናንት ከሰዓት ነው።»

ከሟቹ ኪስ መታወቂያ ወጣ። ወጋየሁ ይባላል፣ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው፣ መብራት አቅራቢውን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ባለሙያ። ሕዝብ ሲያማርር እየመጣ ቆጣሪውን ፈትሾ ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም የሚል ዳኛ ማለት ነው። ከመታወቂያው ጋር በግማሽ የተሞላ ወረቀት ነበር። «የቆጣሪ ፍተሻ ቅጽ። የደንበኛ ስም፦ ገላኔ ጉተማ። የተጀመረበት ሰዓት፦ ረቡዕ 5፡40።» የተጠናቀቀበት ሰዓት፣ ባዶ። የደንበኛ ፊርማ፣ ባዶ።

ሬሳው ሲነሳ አምሐ ሌላ ነገር አየ። የምድር ቤቱ አፈር ሁሉ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ከሬሳው ሥር የነበረው ብቻ ጫማ ያሰምጣል። ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አራት ሰዓት ላይ ገላኔ ጉተማ ጣቢያ ገባች።

*

«ፈርሚ» አላት አምሐ።

«አልፈርምም።»

«የራስሽ ቃል ነው እኮ።»

«የራሴ ቃል ከሆነ እኔ ያላልኩትን ለምን ይላል? ‹ሟቹ ላይ ዝቼበታለሁ› ይላል። አልዛትኩም። ጮህኩ እንጂ።»

ገላኔ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። አባቷ ኦቦ ጉተማ ፉሪ ጤፍና ሽንብራ በሚዘራባት ዘመን ሲያርሱ የኖሩ፣ መሬቱ ቤት ሲሆን ዘጠኝ ላም የቀራቸው ሰው ናቸው። ላሞቹን ዛሬ የምታስተዳድረው ገላኔ ናት። ድምፅዋ ደግሞ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ፉሪ ቆማ ላም ስትጠራ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ያለ ሰው «አቤት» ይላል።

«ምን ብለሽ ነው የጮህሽው?»

«‹ቆጣሪዬን ሳትፈትሽ ከዚህ ሰፈር ብትወጣ በቃሬዛ ነው የምትወጣው› ብዬ።»

አምሐ ብዕሩን አስቀመጠ። «እና ይሄ ምን ይባላል?»

«ሦስት ወር የጠበቀ ሰው ንግግር ይባላል! አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ፣ ፊርማ ያሰባሰብኩት እኔ። ቆጣሪዬ ላሞቼ በመብራት የሚታለቡ ይመስል ይሮጣል፤ መብራቱ ደግሞ በቀን አራቴ ይጠፋል። ሰውዬው ሲመጣ ጮህኩበት። እሱ ምን አለ መሰለዎት? ሳቀ። ‹ቃሬዛው ይቅርና አንድ ብርጭቆ ወተት ስጪኝ› አለኝ። ሠላሳ ሰው ጩኸቴን ሰማ፤ ሳቁን የሰማ አንድም የለም።»

«መሣሪያውስ? የሟቹ መመዝገቢያ ጋጣሽ ውስጥ በጆንያ ተሸፍኖ ተገኝቷል።»

«ራሱ ነው ቆጣሪው ሥር የገጠመው። ሃያ አራት ሰዓት ይመዘግባል፣ ነገ አምስት ከአርባ ላይ መጥቼ እፈታዋለሁ፣ ያኔ ትፈርሚያለሽ ብሎኝ ሄደ። ጆንያውን ያለበስኩት ላሟ በጭራዋ እንዳትጠፈጥፈው ነው።»

«ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ጋጣ። ስምንት ሰዓት አልፎ መብራት ጠፋ። ወተቱ እንዳይበላሽብኝ ቢዶኖቹን ገንዳ ውስጥ ነክሬ ውሃ ስቀይር፣ እስኪመጣ ድረስ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ብቻዬን። አባቴ ቤተሰብ ጥየቃ ሄዶ ነበር።»

«ቅዳሜ አራት ሰዓት አርባ ስምንት ሰዓትሽ ይሞላል» አላት። «በሰው መግደል ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ። የሚረዳሽ ነገር ካለ ዛሬ ተናገሪ።»

«ተናግሬያለሁ። መብራት አልነበረም። ይሄንንስ እኔ ልማልልዎት?»

*

ከገላኔ ግቢ ፊት ለፊት የዚነት ሱቅ አለ። ዚነት መርፌም ሲሚንቶም ትሸጣለች፤ ወሬ ግን በነፃ ነው።

«ረቡዕ ከሰዓት? ኧረ ጋሼ፣ መብራቱ ሲንቦገቦግ ነው የዋለ! ፍሪጄ ውስጥ ያለው ለስላሳ ጥርስ ያወልቃል።»

«አንዴም አልጠፋም?»

«ብልጭ ድርግም አላለም! እንዲያውም አቶ አባይነህም ጠይቀውኝ ነበር። ‹ዚነት፣ መብራት አለ እንዴ?› አሉኝ፣ ‹ሞልቶ!› አልኳቸው። ስምንት ተኩል አይሆንም? ላብ በላብ ሆነው ነበር፤ ውሃ ሰጠኋቸው።»

አምሐ ይህን እንኳ አልጻፈውም። መብራት አለ እንዴ የማይል ሰው በዚህ ከተማ የት ይገኛል? ከእግዜር ይመስገን ቀጥሎ የሚነገረው እሱ ነው። የጻፈው ሌላውን ነው፤ ገላኔ መብራት አልነበረም አለች፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ተሻግሮ ያለው ሱቅ መብራት ነበረው።

«የአቶ አባይነህን ወፍጮስ ሲሠራ ሰምተሻል?»

«እሱን አይጠይቁኝ፤ ስምንት ዓመት ጎኑ ኖሬ ጆሮዬ ለምዶታል። ቢሠራም አልሰማው፣ ቢቆምም አልሰማው።»

ወፍጮ ቤቱ ከሱቁ ቀጥሎ ነው፤ የኋላ ግድግዳው ከጅምሩ ሕንጻ ጋር ይዋሰናል። ባለቤቱ አቶ አባይነህ የሰፈሩ የመብራት ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። በየስብሰባው ጠረጴዛ የሚደበድቡ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደብዳቤ የሚጽፉ ሰው። የጻፏቸው ደብዳቤዎች ተደርድረው ቢነጠፉ ፉሪን ከቃሊቲ ያገናኛሉ።

«ገላኔ ቁጡ ናት» አሉ ዱቄት የለበሰ ቅንድባቸውን እያነሱ። «ግን እንዲህ ታደርጋለች አላልኩም። እኔ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ወፍጮዬ ላይ ነኝ። የወይዘሮ ተሾመችን ጤፍ ስፈጭ ነው የዋልኩት፤ ይጠይቋት።»

«መብራት ሲጠፋስ በምን ይፈጫሉ? ጄኔሬተር አለዎት?»

አቶ አባይነህ ደረታቸውን ነፉ። «እኔ? ጄኔሬተር? ጄኔሬተር የገዛ ሰው ትግሉን የተወ ሰው ነው! መብራት መብቴ ነው። ሲመጣ እፈጫለሁ፣ ሲሄድ ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

አምሐ ሊወጣ ሲል በሩ ጥግ የተደገፈ ዶማ አየ። ጫፉ ላይ ክብ ንክሻ አለ፤ አይጥ የቀመሰው አይብ ይመስላል።

«ምን በላው?»

«ድንጋይ ነዋ። የፉሪ ድንጋይ ብረት ይበላል።»

ወይዘሮ ተሾመች ደግሞ አረጋገጡ። ጤፉን ጠዋት ሰጥተዋል፣ ዱቄቱ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደርሷቸዋል፣ የላመ ዱቄት፣ ምንም አይወጣለት።

*

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለ ኮማንደር ገሠሠ ዓርብ ከሰዓት። የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የተዘጋ መዝገብ እንደሚወደው ልጆቹን አይወድም። «ዝታለች፣ መሣሪያው እጇ ላይ ተገኝቷል፣ መብራት ጠፍቶ ነበር ብላ ዋሽታለች። ሦስት ነገር። እኔ በሁለት ነገር ሰው አሳስሬያለሁ።»

«ሰው የሚዋሸው ሊያመልጥ ነው፣ ኮማንደር። ይሄ ግን አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ የሚጋለጥ ውሸት ነው። ጎረቤቷ ያየችውን መብራት የለም ብላ ምን ታተርፋለች?»

«ሞኝ ናት።»

«ሞኝ አይደለችም። ሙሉ ቀን ስጮህባት ውዬ የጠላሁት የራሴን ድምፅ ነው።»

«አምሐ፣ ነገ አራት ሰዓት መዝገቡ ይወጣል። መሣሪያው ኤግዚቢት ነው፤ ማንም እንዳይነካው።»

«እሺ ጌታዬ» አለ አምሐ። እሱ እሺ ጌታዬ ሲል ያላመነበት መሆኑን የማያውቅ ኮማንደር ገሠሠ ብቻ ነው።

*

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለቡ፣ ቤቱ ገባ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ጨለማ ውጦታል። ሚስቱ ቲና ሻማ እያበራች እጇን ዘረጋችለት።

«ስልክህን አምጣ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ላይ ቤት፣ እነ ቢሊሱማ ጋ ቻርጅ ላይ ላውለው። የኛ ፌዝ ጠፍቷል፤ የነሱ አለ።»

አምሐ ስልኩን ሊሰጣት እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። ጫማውን ለማውለቅ ያነሳው እግር አየር ላይ ነበር።

«ምን ሆንክ?»

«ምን አልሽ? እስኪ ድገሚው።»

«የኛ ፌዝ ጠፍቷል፣ የነሱ አለ። ምን አዲስ ነገር አለው? በየሳምንቱ ነው።»

በየሳምንቱ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመረመረ፣ በግ በድምፁ የሚለይ ሰው፣ ሚስቱ በየሳምንቱ ስልኩን ይዛ ደረጃ ስትወጣ እያየ፣ ሁለት ሴቶች ተቃራኒ ነገር ስለተናገሩ አንዷ ውሸታም ናት ብሎ ሁለት ቀን ዋለ። ግንባሩን በመዳፉ መታው፤ ጩኸቱ አራተኛ ፎቅ ተሰማ።

«ሁለቱም እውነታቸውን ነው!»

«እነማን?»

«ስልኩን አልሰጥሽም፣ ልደውልበት ነው!»

*

ሚካል ከወጋየሁ ጋር ስድስት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ የሠራች ባለሙያ ናት። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ጣቢያ ስትደርስ ዓይኗ ቀልቷል። አምሐ ኤግዚቢት ክፍል ገብቶ መሣሪያውን በጃኬቱ ሥር ይዞ ወጣ። በሩ ላይ የተቀመጠው ፖሊስ ኮሽታ የሰማ አስመስሎ ጣራ ጣራ አየ።

ሚካል መሣሪያውን ከላፕቶፗ ጋር አገናኘችው። የተሰበረ መስመር ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«ይኸው። ረቡዕ አምስት ከአርባ ተገጠመ። ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ፣ እዚህ ጋ፣ ዜሮ። አሥራ አንድ ከሃያ ላይ ተመለሰ። የገላኔ ቤት ሦስት ሰዓት ሙሉ መብራት አልነበረውም።»

«የሱቁስ?»

«ሌላ ፌዝ ላይ ይሆናል። ከትራንስፎርመሩ ሦስት መስመር ይወጣል፣ ቤቶቹ ለሦስት ይከፋፈሉታል። የአንዱ ፊውዝ ሲቃጠል ሲሶው ሰፈር ይጨልማል፤ የቀረው ቴሌቪዥን ያያል።» ጣቷን ዜሮው ላይ አደረገች። «ግን ይሄ ዝም ብሎ የጠፋ አይደለም። ከመጥፋቱ በፊት ተንቀጥቅጧል፤ ኬብል በብረት ሲመታ እንዲህ ይሆናል።»

«ወጋየሁ ከገላኔ ቤት ወጥቶ የት ሊሄድ ይችላል?»

«መስመሩን ነዋ የሚከተለው። ጠዋት ደውሎልኝ ነበር፤ ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ኃይል ከቆጣሪዎቹ ድምር በጣም በልጧል፣ አንድ ሰው ከቆጣሪ በፊት እየጠለፈ ነው አለኝ። እሱ ደግሞ ጀምሮ መተው አያውቅም።»

አምሐ ስክሪኑን ትቶ ራሱ የጻፈውን ገለበጠ። ልል አፈር። የተነከሰ ዶማ። ስምንት ተኩል፣ ላብ በላብ የሆኑ ሰው፣ «ዚነት፣ መብራት አለ እንዴ?»

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አላት። «ወፍጮ በስንት ፌዝ ነው የሚሠራው?»

ሚካል ቀና ብላ አየችው።

*

ሦስት ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆመው ሕዝብ ሐሙስ ዕለት ሬሳውን ካየው ይበዛል። ኦቦ ጉተማ ዱላቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል፤ ላሚቱ ብቻ ነች የቀረችው።

«አቶ አባይነህ፣ ረቡዕ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሲፈጩ ነበር፣ አይደል?»

«ስንቴ ልንገርህ? መብራት ነበረ! ዚነትን ጠይቃት!»

«ነበረ» አለች ዚነት ከሱቋ።

«ነበረ» አለ አምሐም። «ሚካል፣ አንዱን ፊውዝ ንቀይልኝ።»

ሚካል ከወፍጮው ሰሌዳ አንዱን ፊውዝ አወጣች። የጣሪያው አምፖል እንደበራ ነው።

«መብራት አለ፣ አቶ አባይነህ። ይፍጩ።»

አቶ አባይነህ አልተንቀሳቀሱም። አምሐ ራሱ ማብሪያውን ገፋው። ሞተሩ «እእእምምም» እያለ አቃሰተ፤ የሞተሩ ቀበቶ ተንቀጠቀጠ፤ ድንጋዩ አንዲት ጣት ያህል እንኳ አልዞረም። አምሐ አጠፋው።

«ወፍጮ ሦስቱን ይፈልጋል። ረቡዕ ስምንት ከአሥራ ሁለት ላይ አንዱ ጠፍቷል፣ አሥራ አንድ ከሃያ ድረስ አልመጣም። የወይዘሮ ተሾመችን ጤፍ በምን ፈጩት? በጥርስዎ?»

«በ... በጄኔሬተር!»

«ትግሉን ትተው ነው?»

ከሕዝቡ መሃል ሳቅ ፈነዳ። አቶ አባይነህ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ኋላ የነበረው ግድግዳ ነው። አምሐ ዶማውን ከጥጉ አነሳ።

«ወፍጮ ይዞ የኖረ ሰው ሦስት ፌዝ መሆኑን ይረሳል ወይ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ጠየቅኩ። የፈራ ሰው ግን ይረሳል። ሰውየውን መቱ። ከዚያ የተቀበረውን ኬብል ነቅለው ሊያጠፉ ቆፈሩ፤ ዶማው ኬብሉን ነካ፣ ብልጭታው ፊትዎ ላይ ፈነዳ። ሰፈሩ ጨልሞ ከሆነ ሠራተኛ ይመጣል፣ ጉዴ ይጋለጣል ብለው ሮጡ፤ ዚነትን ሱቋ ላይ መብራት አለ እንዴ አሏት። አለ አለችዎት። ደስ አለዎት፤ ተመልሰው አፈሩን ደፈኑ፣ ሬሳውን ከላዩ አጋደሙት። ያለው የእርሷ ፌዝ ብቻ መሆኑን ግን አልጠየቋትም።»

«ዶማውን ድንጋይ ነው የበላው!»

«ድንጋይ ብረት ይሸርፋል እንጂ አያቀልጥም። ይኸው፣ ጫፉ ላይ የመዳብ ጠብታ አለ።»

ሁለት ፖሊሶች ጅምሩ ሕንጻ ውስጥ፣ ሬሳው የነበረበትን ልል አፈር ቆፈሩ። ግማሽ ሜትር ሳይወርዱ እንደ ክንድ የወፈረ ኬብል ወጣ፤ ከመንገዱ ዳር መጥቶ በግድግዳው ሥር ወደ ወፍጮ ቤቱ ይገባል። አናቱ ላይ የቀለጠ ንክሻ አለ። አምሐ ዶማውን አስጠጋው፤ የዶማው ንክሻ ከኬብሉ ንክሻ ጋር ገጠመ።

«አንተ ነህ?» አሉ ኦቦ ጉተማ ቀስ ብለው። «ሰፈሩን የምታጨልመው አንተ ነህ? ደብዳቤውን የምትጽፈውም አንተ?»

አቶ አባይነህ አንገታቸውን አልደፉም። «ሊያሽግብኝ ነበር! እኔን! ሊቀመንበሩን! በሰፈሩ ፊት ቆጣሪዬን ሊያሽግ! ይቅር በለኝ አልኩት፣ እምቢ አለ። ሌላ ቅጽ አውጥቶ ስሜን መጻፍ ጀመረ!»

በዚህ መሃል ኮማንደር ገሠሠ የመኪናውን በር ሳይዘጋ ወርዶ እየሮጠ መጣ። «አምሐ! ኤግዚቢት ሰርቀሃል!»

«አዎ ጌታዬ» አለ አምሐ። «ሁለተኛም አግኝቻለሁ። ካቴና ይዘዋል?»

*

አራት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ኮማንደሩ የመፈቻ ወረቀት ገላኔ ፊት አስቀመጠ።

«ፈርመሽ ውጪ።»

«አልፈርምም።»

«ነፃ ነሽ እኮ!»

«መጀመሪያ ‹ዝቼበታለሁ› የሚለው ይቀደድ።»

ኮማንደሩ አምሐን አየ። አምሐ ጣራ ጣራ አየ። ወረቀቱ ተቀደደ። ገላኔ ግን አሁንም አልተነሳችም፤ በሩ ላይ ወደ ቆመችው ሚካል ዞረች።

«መሣሪያውስ?»

«ኤግዚቢት ነው» አለ ኮማንደሩ።

«ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ነው የነቀላችሁት። ሃያ አራት ሰዓቱ አልሞላም። እኔ ሦስት ወር የጮህኩት ከእስር እንድፈታ አይደለም፤ ቆጣሪዬ እንዲፈተሽ ነው። ሰውየው የሞተው ሊፈትሽ መጥቶ ነው። ሳይፈተሽ ከዚህ አልነሳም።»

ኮማንደሩ ኮፍያውን አወለቀና «ይፈተሽ» አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮት የሠራው አምሐ ይህን ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ወደፊትም ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ያወራዋል፣ ሲያወራው ደግሞ ኮማንደሩ ወንበር ላይ ይወጣል።

«መኪና ውስጥ ሌላ መሣሪያ አለኝ» አለች ሚካል።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ ጋጣው ውስጥ ገጠመችው። ላሟ እንዳትጠፈጥፈው ገላኔ ጆንያ አለበሰችው። እሑድ ስድስት ከአሥር ላይ ግማሽ ፉሪ ግቢው ውስጥ ቆሞ ሚካል ውጤቱን አነበበች፤ ቆጣሪው ልክ አይደለም፤ ከሚገባው በላይ ይሮጣል።

«ነግሬያችሁ ነበር!» አለች ገላኔ፤ ለቡ ድረስ ተሰማ።

ሚካል የወጋየሁን ቅጽ ቅጂ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። የተጠናቀቀበት ሰዓት የሚለውን ሞላች። የባለሙያው ስም በሚለው ቦታ ላይ የራሷን አልጻፈችም። ገላኔ ስሙን አየችው፣ ብዕሩን ተቀበለች፣ ፈረመች። ፊርማዋ ከሳጥኑ ወጥቶ፣ መስመሩን አልፎ፣ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደረሰ።